«ምርጥ ነው» የተባለው የወንጀል ፊልም ለምን ግማሽ ልብ ያስቀራል? ስድስት ፊልሞች ሲነጻጸሩ

ቅሬታው ሁሌም አንድ ዓይነት ነው። ሰው ብዙ የተወራለትን ልብ አንጠልጣይ ፊልም ይከፍታል፤ ሁለት ሰዓት ሙሉ ትንፋሹን ውጦ ይመለከታል፤ ከዚያ ስክሪኑ ድንገት ይጨልምና የሠራተኞቹ ስም ዝርዝር መውጣት ይጀምራል። «አለቀ እንዴ?» ይላል። ትወናውን ወዶታል፣ ቀረጻውን ወዶታል፣ ሁለት ሦስት ትዕይንቶች ለሳምንት ከአእምሮው አይጠፉም። ጓደኛው «እንዴት ነው?» ብሎ ሲጠይቀው ግን «ጥሩ ነው፣ ግን...» ይልና ሳይጨርሰው ይቀራል።

ይህ «ግን» ከየት እንደሚመጣ ለይቶ ማወቅ ይቻላል። ሽልማትና ኮከብ ፊልሙ ምን ያህል በጥንቃቄ እንደተሠራ ይነግሩናል፤ ከተመልካቹ ጋር ምን ዓይነት ውል እንደሚገባ ግን አይነግሩንም። የወንጀል ፊልም ሁሉ ሲጀምር ሬሳ ወይም የጠፋ ገንዘብ ወይም የጠፋ ልጅ ያሳየናል፤ እኛም «መጨረሻ ላይ ቁርጡን ይነግረኛል» ብለን እንቀመጣለን። አንዳንዱ ይነግራል፣ አንዳንዱ ሆን ብሎ አይነግርም፣ አንዳንዱ ደግሞ የሚነግረው እኛ ወደማናይበት ጥግ ዞሮ ነው። ስለዚህ ፊልም የሚመረጠው በአጨራረሱ ዓይነት ነው ብለን አጥብቀን እናምናለን። ርዝመቱና የጭካኔው መጠን ከዚያ በኋላ የሚታዩ ናቸው።

የምናነጻጽራቸው ስድስት ናቸው፦ የኮኤን ወንድማማቾች «ኖ ካንትሪ ፎር ኦልድ ሜን» (2007፣ 122 ደቂቃ)፣ የዴቪድ ፊንቸር «ዞዲያክ» (2007፣ 157 ደቂቃ)፣ የቦንግ ጁን ሆ «ሜሞሪስ ኦፍ መርደር» (2003፣ 131 ደቂቃ ገደማ)፣ የዴኒ ቪልነቭ «ፕሪዝነርስ» (2013፣ 153 ደቂቃ)፣ የማርቲን ስኮርሴዚ «ዘ ዲፓርትድ» (2006፣ 151 ደቂቃ) እና ይህኛው የተወሰደበት የሆንግ ኮንጉ «ኢንፈርናል አፌርስ» (2002፣ 101 ደቂቃ)። ዓመታቱ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። የየፊልሙ አጨራረስ ምን እንደሚመስል እንናገራለን፤ ማን እንደሚሞትና ማን እንደገደለ ግን አንናገርም። ከዚህ የሚለየው የመጨረሻው ክፍል ብቻ ነው፤ እሱም ፊልሞቹን አይተው ለጨረሱ የተጻፈ ስለሆነ ያላየ እዚያ ሲደርስ ያቁም።

አገር ተሰጥቷቸውም መልስ የማይሰጡ ፊልሞች

በእኛ የእንቆቅልሽ ጨዋታ ሕጉ የታወቀ ነው። «እንቆቅልህ» ሲባል «ምን አውቅልህ» ይባላል፤ መልሱ የጠፋበት ሰው አገር ይሰጣል፤ አገር ከሰጠ በኋላ መልሱ ሳይነገረው አይቀርም። ከልጅነታችን ጀምሮ በዚህ ሕግ ያደግን ሰዎች እንደ «ዞዲያክ» ያለ ፊልም ቢያናድደን አይገርምም። 157 ደቂቃ አገር እየሰጠን እንቀመጣለን፤ መልሱ ግን አይነገረንም።

ስድስቱን በዚህ ሚዛን ብናስቀምጣቸው ሦስት ቦታ ይከፈላሉ። «ፕሪዝነርስ»፣ «ዘ ዲፓርትድ» እና «ኢንፈርናል አፌርስ» ቋጠሮውን ይፈታሉ፤ ፊልሙ ሲያልቅ ማን ምን እንዳደረገ ያውቃሉ። «ዞዲያክ» እና «ሜሞሪስ ኦፍ መርደር» በእውነተኛ ወንጀል ላይ የተመሠረቱ ናቸው፤ ሁለቱም ሲሠሩ ገዳዩ ስላልተያዘ ፊልሞቹም ያልሆነውን ሆነ አይሉም። «ኖ ካንትሪ» ብቻውን ነው፤ ቋጠሮው ይፈታል፣ ግን በጣም የጠበቁት ግጥሚያ ፊት ለፊት አይታይም። ለዚህም ነው ከሁሉ የበለጠ ክርክር የሚያስነሳው፤ እኛም ብዙ ቦታ የምንሰጠው ለእሱ ነው።

«ኖ ካንትሪ ፎር ኦልድ ሜን»፦ ማሳደድ መስሎ የሚጀምር

ታሪኩ የሚሆነው በ1980 በምዕራብ ቴክሳስ፣ የሜክሲኮ ድንበር አጠገብ ነው። ልዌሊን ሞስ የሚባል አዳኝ በረሃ ውስጥ ዕፅ ሻጮች ተላልቀውበት የቀረ ሁለት ሚሊዮን ዶላር ያገኛል። አንቶን ሺጉር የተባለ ነፍሰ ገዳይ ያሳድደዋል። ሁለቱን ደግሞ ጡረታው የተቃረበ የወረዳ ፖሊስ አዛዥ፣ ሸሪፍ ኤድ ቶም ቤል፣ ከኋላ ይከተላቸዋል። ፊልሙ ለስምንት የኦስካር ዘርፎች ታጭቶ አራት አሸንፏል፦ ምርጥ ፊልም፣ ምርጥ ዳይሬክተር፣ ከመጽሐፍ የተወሰደ ምርጥ የፊልም ጽሑፍ፣ እንዲሁም ሺጉርን ለተጫወተው ለሃቪዬር ባርደም ምርጥ ረዳት ተዋናይ።

ምን ያህል በእጅ ጥበብ እንደተሠራ ለማየት አንድ ትዕይንት ይበቃል። ሺጉር በአንድ ጭር ያለ ነዳጅ ማደያ ቆሞ ለውዝ ይበላል፤ ከጠረጴዛው ማዶ ያሉት ሽማግሌ ባለሱቅ ለወሬ ያህል አንድ ነገር ይጠይቁታል። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ንግግር ብቻ ነው። ሺጉር የለውዙን ላስቲክ ጨምድዶ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጠዋል፤ ላስቲኩ ቀስ እያለ ራሱን ሲፈታ የሚያሰማው ጭርጭርታ ከየትኛውም ሙዚቃ በላይ ያስፈራል። ከዚያ ሳንቲም ወደ ላይ ያጎናል፤ ዘውድ ወይስ ጎፈር? ሽማግሌው በምን እንደሚወራረዱ አያውቁም፤ እኛ ግን እናውቃለን። ሳንቲሙ 1958 የተመታበት ነው፤ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ለመድረስ 22 ዓመት ተጉዟል። ሽጉጥ አልወጣም፣ ደም አልፈሰሰም፣ ማንም ጮክ ብሎ አልተናገረም፤ የተመልካቹ መዳፍ ግን በላብ ርሷል።

በዚህ ላይ ሙዚቃ የለም ማለት ይቻላል። ካርተር በርዌል የሠራው ማጀቢያ በጣም ጥቂት ከመሆኑ የተነሳ ብዙ ሰው ሙዚቃ መኖሩን ሳያውቅ ይጨርሳል። ሞስ በሆቴል ክፍሉ ጨለማ ውስጥ ተቀምጦ ወደ እንግዳ መቀበያው ሲደውል ስልኩ ታች ሲጮህ ይሰማል፤ የሚያነሳው የለም። ቀጥሎ የእግር ኮቴ። በበሩ ሥር ባለው ቀጭን ብርሃን ላይ የሁለት እግር ጥላ ይቆማል። ጥላው ይሄዳል፤ ትንሽ ቆይቶ የኮሪደሩ መብራት ይጠፋል። ይህን ትዕይንት ልጆች በሚጫወቱበት ሳሎን፣ በስልክ ድምፅ ማጉያ ያየ ሰው «ቀርፋፋ ነው» ቢል ትክክል ነው፤ ያየው ሌላ ፊልም ነውና።

ታዲያ «ግን» የሚመጣው የት ላይ ነው? ፊልሙ ወደ ማለቂያው ሲቃረብ። እስከዚያ ድረስ ሁለት ብልሆች እየተፈላለጉ ነበር፤ ሞስ የገንዘብ ሻንጣውን በአየር ማስተላለፊያ ቀዳዳ ውስጥ ሲደብቅ፣ ሺጉር በቄራ ከብት ማደንዘዣ በታመቀ አየር የበር ቁልፍ ሲያስፈነጥር፣ ሁሉም ነገር ወደ አንድ ግጥሚያ እየሄደ ነበር። ከዚያ ግጥሚያው ይቀራል። ካሜራው ዘግይቶ ከሚደርሰው ሰው ጋር ዘግይቶ ይደርሳል። ከዚያ በኋላ ያለው ፊልም የሸሪፉ ነው፤ ሽማግሌዎች ወጥ ቤት ተቀምጠው ያወራሉ፤ በመጨረሻም ቤል ሕልሙን ይናገራል፤ አለቀ።

ስህተት ነው ወይስ ዓላማ? በእኛ ግምት ዓላማ ነው፤ ማስረጃውም ያለው መጨረሻው ላይ ሳይሆን መጀመሪያው ላይ ነው። ፊልሙ የሚከፈተው በቤል ድምፅ ነው፤ ባዶ ሜዳ እያሳየ ስለ አባቱና ስለ አያቱ፣ በሃያ አምስት ዓመቱ ሸሪፍ ስለመሆኑ፣ ወደ ሞት ቅጣት ስለላከው አንድ ልጅ፣ ከዚህ በኋላ የሚመጣው ወንጀል ከአቅሙ በላይ ስለመሆኑ ይናገራል። የማን ፊልም እንደሆነ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ደቂቃዎች ተነግሮናል። ወዲያው ግድያ ስለሚመጣ እንረሳዋለን እንጂ።

እንግዲህ ይህን ፊልም የሚመርጥ ሰው አንድ ነገር ከልቡ ይወስን፦ የማየው አንድ ሽማግሌ ሕግ አስከባሪ ዘመኑ ሲያልፈው ነው፤ ማሳደዱ ማጀቢያው ነው። በዚህ ተስማምተው ከተቀመጡ ወደር የለውም። ፍልሚያ፣ ፍርድና እርካታ ፈልገው ከሆነ ግን ሌላ ቀን ያድርጉት።

ሙሉ በሙሉ ከነቀፋ ነጻ ነው ማለታችን አይደለም። በመሃል ካርሰን ዌልስ የሚባል ሌላ ቅጥረኛ ይገባል፤ ብዙ ያወራል፣ ሺጉርን አውቀዋለሁ ይላል፣ ተስፋ ያሰጣል፤ ከዚያ ታሪኩን አንድ እርምጃ ሳያራምድ ይወጣል። ፊልሙ በተወሰደበት ልብ ወለድ ውስጥ ተመሳሳይ ቦታ አለው፤ ፊልሙ ላይ ግን አሥር ደቂቃው ይከብዳል። እንዲሁም ወሳኙን ጥቃት ማን እንዳደረሰው የሚገልጸው ፍንጭ በአንዲት አሮጊት የአውቶብስ ጣቢያ ወሬ ውስጥ ስለገባ፣ ለአፍታ ዓይኑን ያነሳ ተመልካች ያመልጠዋል። ይህ የጥበብ ጉዳይ ሳይሆን የግልጽነት ጉድለት ነው።

«ዞዲያክ» እና «ሜሞሪስ ኦፍ መርደር»፦ ያልተያዘ ገዳይ በሁለት አገር

ሁለቱን አንድ ላይ ማየት ይጠቅማል፤ ጥያቄያቸው አንድ፣ መንገዳቸው ግን የተራራቀ ነው።

«ዞዲያክ» በ1968 እና በ1969 በሰሜን ካሊፎርኒያ ሰዎችን እየገደለ ለጋዜጦች ደብዳቤና የምስጢር ጽሑፍ ሲልክ የነበረውን ሰው የሚፈልጉ ሰዎች ታሪክ ነው። ዋናው ፈላጊ ፖሊስ አይደለም፤ የሳን ፍራንሲስኮ ክሮኒክል ጋዜጣ ካርቱን ሣይ ሮበርት ግሬይስሚዝ ነው። ፊልሙ የተወሰደውም እሱ ከጻፈው መጽሐፍ ነው። ጭካኔው በሙሉ ፊተኛው ክፍል ላይ ነው፤ በተለይ በጠራራ ፀሐይ በሐይቅ ዳር የሚሆነው ጥቃት ያለ ሙዚቃ፣ ያለ ጥድፊያ ስለሚታይ ለመመልከት እጅግ ከባድ ነው። እሱ ካለፈ በኋላ ፊልሙ የወረቀት ፊልም ይሆናል፦ የእጅ ጽሑፍ ምርመራ፣ የስልክ ጥሪ፣ የመዝገብ ክፍል።

ብዙ ሰው የሚሰለቸው እዚህ ላይ ነው፤ እኛ ደግሞ የፊልሙ ዕንቁ ይህ ነው እንላለን። ግድያዎቹ በተለያዩ ከተሞችና ወረዳዎች ስለሆኑ እያንዳንዱ ፖሊስ ጣቢያ የራሱን ማስረጃ ይዞ ተቀምጧል። መርማሪዎቹ ሰነድ በፋክስ ሊላላኩ ሲሉ፣ ማሽኑ ገና እንደሌለ ይነገራል። አንዱ ጋ የጫማ ልክ አለ፣ ሌላው ጋ የጣት አሻራ፣ ሦስተኛው ጋ የእጅ ጽሑፍ፤ አንድ ጠረጴዛ ላይ የተገናኙበት ቀን የለም። የመንግሥት ቢሮ ደጅ ጠንቶ የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያሻውም።

ምን ያበላሸዋል? ርዝመቱ፣ በተለይ ማታ ከሥራ መልስ ሲጀምሩት። ቀናቱ በትንንሽ ፊደል እየተጻፉ ስለሚያልፉም ሁለቱን ከዘለሉ የትኛው ዓመት ላይ እንዳሉ ይጠፋዎታል። መፍትሔው ለሁለት መክፈል ነው፤ መሃል አካባቢ ትራንስአሜሪካ የተባለው ሹል ሕንጻ በፍጥነት ከመሠረቱ እስከ ጫፉ ሲገነባ የሚታይበት ቦታ አለ፤ ዓመታት ማለፋቸውን የሚያሳይ ነው። እዚያ ላይ አቁመው በማግስቱ ቢቀጥሉ ምንም አይጎድልብዎትም። ይህን ፊልም የኦስካር ዳኞች ለአንድም ዘርፍ አላጩትም፤ ዛሬ ግን ከፊንቸር ሥራዎች ሁሉ በላይ የሚያስቀምጡት ብዙዎች ናቸው።

የኮሪያው ፊልም ሌላ ሙቀት አለው። ቦንግ ጁን ሆን ብዙዎቻችን ያወቅነው በ«ፓራሳይት» ነው፤ ይህ ግን ሁለተኛ ረጅም ፊልሙ ነው። ከ1986 እስከ 1991 በህዋሶንግ የገጠር ወረዳ አሥር ሴቶች የተገደሉበትን ጉዳይ ይከተላል። የአገሬው መርማሪ ፓርክ፣ ሶንግ ካንግ ሆ የሚጫወተው፣ ወንጀለኛን ዓይኑን አይቼ አውቃለሁ ብሎ የሚያምን ሰው ነው። ከሴኡል የመጣው መርማሪ ደግሞ ሰነድ አይዋሽም ባይ ነው።

መጀመሪያ ላይ ያስቃል፤ ብዙ ተመልካች ግራ የሚጋባውም በዚህ ነው። ሬሳ በተገኘበት የሩዝ ማሳ ላይ ሕፃናት ይሯሯጣሉ፣ አለቃው ቁልቁለቱን ተንሸራቶ ይወድቃል፣ ብቸኛውን የጫማ ዱካ ትራክተር ይሄድበታል፤ መርማሪው እየጮኸ የሚሰማው የለም። እንስቃለን። ከዚያ ሳቁ ቀስ በቀስ ጉሮሯችን ላይ ይቆማል፤ የሳቅንባቸው ስህተቶች ለቀጣዩዋ ሴት ሞት ምክንያት መሆናቸውን እናያለን። ተጠርጣሪ ተደብድቦ ያላደረገውን እንዲያምን ይደረጋል። ተጨማሪ ፖሊስ ሲጠየቅ ሁሉም ሰልፍ ለመበተን ሄዷል ይባላል፤ ዘመኑ የወታደራዊ አገዛዝ ነውና።

ከሁለቱ አንዱን ብቻ ለሚያይ ሰው የኮሪያውን እንመክራለን። መልስ ባይሰጥም ሐዘኑን ይሰጣል፤ ተመልካቹ ባዶ እጁን አይወጣም። «ዞዲያክ» ደግሞ ዝርዝር ለሚወድ፣ ወረቀት ላይ ፍንጭ ማገናኘት ለሚያስደስተው ሰው ይሆናል። አንድ ልዩነትም አለ፦ የህዋሶንጉ ጉዳይ ፊልሙ ከወጣ ከ16 ዓመት በኋላ፣ በ2019፣ በዘረመል ምርመራ መልስ አግኝቷል። ሰውየው ከ1994 ጀምሮ በሌላ ግድያ እስር ቤት ነበር፤ የክስ ጊዜው ስላለፈ ግን በነዚህ ሊከሰስ አልቻለም። መልስ ካላወቁ እንቅልፍ የማይወስድዎ ከሆነ፣ እነሆ መልስ ያለው ይህኛው ነው።

«ፕሪዝነርስ»፦ መልሱን ይሰጣል፣ ዋጋው ይከብዳል

በፔንሲልቬንያ አንድ የበዓል ምሳ ላይ ሁለት ሕፃናት ሴቶች ይጠፋሉ። ፖሊስ አንድ ተጠርጣሪ ይዞ ማስረጃ ስላጣ ይለቀዋል፤ የአንደኛዋ አባት፣ ሂው ጃክማን፣ ተጠርጣሪውን ራሱ አፍኖ ይወስደዋል። መርማሪው ጄክ ጂለንሃል ነው፤ ከስድስት ዓመት በፊት በ«ዞዲያክ» ካርቱን ሣዩን የተጫወተው እሱ ነበር።

ቋጠሮው ሙሉ በሙሉ ይፈታል። እዚህ «ግን» የሚመጣው ከሌላ አቅጣጫ ነው፤ ሁለት ነገር። አንደኛ፣ ድብደባና ማሠቃየቱ ረጅም ነው፤ ፊቱ አብጦ ዓይኑ የማይታይ ሰው ደጋግመው ያያሉ። ልጅ ያለው ተመልካች ከአባትየው ጋር ወግኖ ይጀምርና መሃል ላይ ከራሱ ጋር ይጣላል፤ ፊልሙ የሚፈልገውም ይህንኑ ነው፣ ግን ሁሉም ሰው የሚችለው አይደለም። ሁለተኛ፣ ምርመራው ከብልሃት ይልቅ በአጋጣሚ ይንቀሳቀሳል። ወሳኙ ፍንጭ የሚገኘው መርማሪው ተናዶ ጠረጴዛውን ሲበታትን አንድ ፎቶ ዓይኑ ላይ ስለወደቀ ነው። ያን ያህል ክብደት ያለው ታሪክ በእንዲህ ያለ ዕድል ላይ መቆሙ ያስቆጫል፤ የእኛ ትልቁ ነቀፋ ይህ ነው። ቀረጻው ግን የሮጀር ዲኪንስ ነው፤ ዝናብና ጭጋግ እንዲህ ሲያስለቅስ ብዙ ጊዜ አይታይም። ለዚህ ሥራው ለኦስካር ታጭቷል።

አንድ ታሪክ፣ ሁለት ከተማ

«ኢንፈርናል አፌርስ» እና «ዘ ዲፓርትድ» ባጭሩ ይለያሉ። በሁለቱም አንድ ፖሊስ ወንበዴዎች ውስጥ፣ አንድ ወንበዴ ፖሊሶች ውስጥ ተሰግስገዋል፤ ማን ቀድሞ እንደሚነቃ ነው ጥያቄው። የሆንግ ኮንጉ 50 ደቂቃ ያጥራል፤ አንድ ትርፍ ትዕይንት የለውም። የቦስተኑ «ዘ ዲፓርትድ» ሰዎቹን በቅርበት ያስተዋውቃል፣ ጃክ ኒኮልሰን ያስፈራልም ያዝናናልም፤ ለስኮርሴዚ የመጀመሪያውን የምርጥ ዳይሬክተር ኦስካር ያስገኘ ነው። ሆኖም የመጨረሻው ሩብ ሰዓት ጥይት ይበዛበታል፤ ሞት ሲደራረብ ክብደቱ ይቀንሳል። የቦስተኑ ሒሳቡን በጥይት ያወራርዳል፤ የሆንግ ኮንጉ ለሕሊና ይተወዋል። የሆንግ ኮንጉን ሲመርጡ ግን ልብ ይበሉ፦ ለዋናው ቻይና ሌላ መጨረሻ ተሠርቶለታል። አሳንሰሩ ሲከፈት ፖሊሶች ቆመው ሲያስሩ ካዩ፣ ያዩት ያንን ነው፤ የሆንግ ኮንጉን የመጀመሪያ ቅጂ ይፈልጉ።

መቼ፣ በምን፣ ከማን ጋር

በሥራ ቀን ማታ «ኢንፈርናል አፌርስ»ን ይክፈቱ። ለጓደኞች ስብስብ «ዘ ዲፓርትድ» ይሆናል፤ እየተወራበትም አይጠፋም። «ኖ ካንትሪ» ለብቻ ወይም ለሁለት፣ መብራት ጠፍቶ፣ በጆሮ ማዳመጫ። «ፕሪዝነርስ» እና የኮሪያው የመጨረሻ ክፍል ጨለማና ዝናብ ስለሆኑ በስልክ ስክሪን፣ በተለይ በቀን ብርሃን፣ ግማሹ አይታይም። ስድስቱም ለልጆች አይሆኑም፤ «ፕሪዝነርስ»ን ደግሞ በቅርቡ ሐዘን ወይም የልጅ ሕመም ካለበት ሰው ጋር አይክፈቱት።

ስለ ቋንቋ አንድ ምክር። የቴክሳሱ ሸሪፍ አነጋገር ለእንግሊዝኛ ተናጋሪም ይከብዳል፤ ጎበዝ ቢሆኑም ሰብታይትል ይክፈቱ፣ የመጨረሻው የሕልም ንግግር አንድ ቃል ቢያመልጥ ትርጉሙ ይጎድላል። በአማርኛ ተራኪ የተደረበበትን ቅጂ በተመለከተ፣ «ፕሪዝነርስ» ጉዳቱን ይችለዋል፤ ታሪኩ በድርጊት የሚሄድ ነውና። «ኖ ካንትሪ»ን ግን በፍጹም። ተራኪው ዝምታውን ለመሙላት ሲናገር የኮቴው ድምፅ፣ የላስቲኩ ጭርጭርታ፣ የሚጠፋው አምፖል ሁሉም ይቀበራሉ፤ የሚቀረው ሲሄዱና ሲመጡ የሚታዩ ሰዎች ብቻ ነው።

አይተው ቅር ላላቸው (ያላየ እዚህ ያቁም)

ፊልሙን እንደገና ሙሉ ማየት አያስፈልግም፤ የተመረጡ ቦታዎችን ማየት ይበቃል።

«ሜሞሪስ ኦፍ መርደር» ላይ ሁለት ቦታ ይመልሱ። መጀመሪያ አካባቢ አለቃው ፓርክን ጣቢያው ውስጥ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ወጣቶች ያሳየዋል፤ አንዱ ደፋሪ፣ ሌላው እሱን ይዞ ያመጣው የተጎጂዋ ወንድም ነው፤ የቱ የቱ እንደሆነ በዓይንህ ለይ ይለዋል። ፊልሙ መልሱን ሳይነግረን ያልፋል። ውሉ እዚያ ላይ ተፈርሟል። ከዚያ የመጨረሻውን ምስል ይዩ፤ ፓርክ ቀጥታ ወደ ካሜራው ያያል። ቦንግ ይህን ያደረገው ገዳዩ ሲኒማ ገብቶ ካየው ዓይን ለዓይን እንዲገጣጠሙ ብሎ ነው።

«ፕሪዝነርስ» ያልቃል የሚባለው ፊሽካው ሲሰማ ነው። መርማሪው ወደ ድምፁ ዞሯል፤ ሰምቷል። የአባትየውን መውጣት ማሳየት አያስፈልግም ነበር፤ እዚህ ላይ ቅር የሚላቸው ሰዎች የመርማሪውን ፊት ደግመው ቢያዩት ይበቃል።

«ኖ ካንትሪ» ላይ አራት ቦታ አለ። የመክፈቻውን ንግግር ከመዝጊያው ሕልም ጋር አያይዘው ይስሙ፤ በአባት ይጀምራል፣ በአባት ያልቃል። ቀጥሎ ወተቱን ይዩ፦ ሺጉር የሞስ ቤት ገብቶ ወተት እየጠጣ በጠፋው ቴሌቪዥን ላይ የራሱን ጥላ ያያል፤ ቤል ሲደርስ ጠርሙሱ ገና ላቡን አልጨረሰም፣ እሱም እዚያው ተቀምጦ በዚያው መስታወት ራሱን ያያል። አሳዳጁና ተሳዳጁ የተገናኙት በዚህ ብቻ ነው። ሦስተኛው የኤል ፓሶው ሞቴል ነው። ሞስን የገደሉት ሺጉር ሳይሆን ሜክሲኮዎቹ ናቸው፤ ወዴት እንደሚሄዱ አማቱ ሻንጣ ለያዘላቸው ትሁት ሰው ነግረውታልና። ቤል በሌሊት ተመልሶ ሲገባ የአየር ማስተላለፊያው ክዳን ወልቆ ወለሉ ላይ ነው፤ አጠገቡ ብሎኖችና አንድ ሳንቲም አሉ። ገንዘቡን ማን እንደወሰደው የሚናገረው ያ ሳንቲም ነው፤ ሺጉር ብሎን የሚፈታው በሳንቲም መሆኑን ቀደም ሲል አይተናል።

አራተኛው የሞስ ሚስት፣ የካርላ ጂን፣ ጉዳይ ነው። ሺጉር ቤቷ ውስጥ ቁጭ ብሎ ሳንቲሙን ያቀርብላታል፤ እሷ አልመርጥም ትለዋለች። ፊልሙ ይቆረጣል። ብዙ ሰው «ገደላት ወይስ ተዋት?» እያለ ይከራከራል። መጀመሪያ የሆቴሉን ትዕይንት መልሰው ይዩ፤ ሺጉር ዌልስን ገድሎ ስልክ ሲያወራ ወለሉ ላይ የሚሄደው ደም እንዳይነካው እግሩን አንስቶ አልጋው ላይ ያደርጋል። ከዚያ ወደ ካርላ ጂን ቤት ይመለሱ። ሺጉር በሩን ከፍቶ በረንዳው ላይ ይወጣል፤ ደረጃው ጋ ቆም ይልና አንድ በአንድ እግሩን እያነሳ የጫማውን ሶል ያያል።